ዲቾቶ መገንጠያ ላይ፦ የአባቶቻችን የጦርነት ትዝታና የእጅ ሙያ



ከሰመራ ተነስቶ በሰርዶ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ዲቾቶ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ወደ ጋላፊ ይሄድና ጅቡቲ ይገባል። ሌላው በኤሊዳር፣ በማንዳና በቡሬ አድርጎ ወደ አሰብ ያቀናል። በመጀመሪያው ላይ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች ሌት ተቀን ይመላለሳሉ። ሁለተኛው ላይ ግን ወደ ወደቡ ይተም የነበረው የመኪና ሰልፍ ከተቋረጠ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል።

ዲቾቶ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ሹፌሮች ከሙቀቱ ሸሽተው ጥላ የሚፈልጉባት፣ ሻይ የሚጠጡባት፣ ጎማቸውን የሚያዩባት የመንገድ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ የሚነሳ ጨዋታ ግን ልማድ አለው፤ በመኪና ይጀምርና በጦርነት ያልቃል። አንዱ «አባቴ በዚህ መንገድ ፊያት ይነዳ ነበር» ይላል። ሌላው «አያቴ ጣልያን መንገዱን ሲሠራ ድንጋይ ፈልጧል» ብሎ ይቀጥላል። ስለ ሞተር የተጀመረው ወሬ ማንም ሳያስበው የቤተሰብ ታሪክ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ሲገናኙም፣ አዲስ አበባ ላይ የአሮጌ መኪናና የአሮጌ ሬዲዮ ወዳጆች ሲሰባሰቡም ነገሩ ያው ነው።

ዛሬ ስለዚህ ጨዋታ እንጽፋለን። ብዙዎች እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ያዩታል። እኛ ግን ከጽሑፍ ውጪ የቀረ የአገራችን ታሪክ ትልቁ መዝገብ ይህ ነው ብለን እናምናለን። መዝገቡም በየዕለቱ እየተዘጋ ነው።

በወዳጅነት ስም የተፈረመ መንገድ

የአሰብ መንገድ ታሪክ የሚጀምረው በጦርነት አይደለም፤ በወዳጅነት ውል ነው። ሐምሌ 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣልያን የወዳጅነት ስምምነት ሲፈራረሙ አብሮ አንድ ሌላ ውል ተፈርሞ ነበር። ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ የወደብ ቀጠና እንድታገኝ፣ ከአሰብ እስከ ደሴ ደግሞ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የሚል ነበር። መንገዱ በወዳጅነቱ ዘመን ሳይሠራ ቀረ። ሰባት ዓመት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ጣልያን በጦር መጣ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። በዚያው ዓመት መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከአሰብ አቅጣጫ የተነሳ ጦር የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሰርዶን ያዘ። ከዲቾቶ ብዙም የማትርቀው ይህቺ ሰርዶ ናት። ወታደሩን የሚያበላና የሚያጠጣ መንገድ ስላልነበረ ስንቁ በአየር ይጣልለት ነበር። ውሃው፣ ጥይቱ፣ ዱቄቱ፣ ሌላው ቀርቶ ታርደው የሚበሉ እንስሳት ሳይቀሩ በሕይወት እንዳሉ በፓራሹት ይወርዱ ነበር።

እስቲ ይህን በአንድ የአፋር እረኛ ዓይን እንየው። ፍየሎቹን ይዞ ጥላ ፍለጋ ላይ ነው። በሕይወቱ አውሮፕላን አይቶ አያውቅም ይሆናል። ድንገት ሰማዩ ይጮኻል፤ ከዚያም በነጭ ጨርቅ የተንጠለጠለ እንስሳ እግሩን እያወራጨ ከላይ ይወርዳል። ያ ሰው በማግስቱ መንገደኛ ሲያገኝ ምን ብሎ ነገረው? የሰማውስ አመነው ወይስ አላመነውም? በጣልያን በኩል የዘመቻው ሪፖርት ተጽፏል፤ ፎቶውም ተነስቷል። ከምድር ወደ ላይ ያየው ሰው ቃል ግን በልጅ ልጆቹ ጆሮ ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም የለም። ሰርዶ ራሷ መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። የሰውም የቤትም ምስክርነት በአንድ ቀን እንዲህ ይጠፋል።

ጣልያን ቦታውን ከያዘ በኋላ ያኔ በወዳጅነት ያልሠራውን መንገድ በወረራ ዘመን ሠራው። ከአሰብ ወደ ደሴ በዚህ ምድረ በዳ የተዘረጋው የመኪና መንገድ ብዙ ጉልበት በልቷል። በአየሩ ጠባይ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥላ በሚፈልጉበት አገር ድንጋይ መፍለጥና ማንጠፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የፈለጠው ሰው ነው።

ጦርነቱ ያበቃው ደግሞ በሌላ በኩል ነው። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ ወጣች። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከዔደን በባሕር የመጡ የህንድ ወታደሮች አሰብን ያዙ። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱ ቀረ።

ጋራዥ ውስጥ የቀረው ቋንቋ

መንገዱ ብቻ አይደለም የቀረው። ማንኛውም መካኒክ ሥራ ላይ እያለ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ናፍታ፣ ቤንዚን... ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ ናቸው። የአዲስ አበባው ለገሃርም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። መኪና ይዞ የመጣው ሰው መኪናውን በስሙ ጠራው፤ የተማረውም በዚያው ስም ተማረ።

እነዚህን ቃላት ማን አስተማረን ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መዝገበ ቃላት አይደለም። በልጅነቱ ለጣልያን መካኒክ መፍቻ ሲያቀብል የኖረ ረዳት ነው ያስተማረን። ቋንቋውን የተማረው ተሰድቦበት፣ አንዳንዴም ተመትቶበት ነው። «ኪያቬ አምጣ» ሲባል የተሳሳተ መፍቻ ያመጣ ልጅ ቅጣቱን ያውቀዋል። ያ ልጅ በኋላ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ ሌላ ልጅ አስተማረ። ዛሬ ሎጊያ ወይም አዋሽ ሰባት ላይ ጎማ የሚቀይር ወጣት የሚጠራው ቃል ከዚያ ሰንሰለት የመጣ ነው። የወረራው ዘመን ትዝታ በሐውልት ብቻ አይደለም ያለው፤ በየቀኑ በእጃችን በምንይዘው መፍቻ ስም ውስጥም አለ።

የሹፌሮቹ ሙያ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ከኮምቦልቻ ከፍታ ተነስቶ በባቲ አድርጎ እስከ ሚሌ ድረስ ቁልቁል የሚወርድ የተጫነ መኪና በፍሬን ብቻ አይያዝም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ይከዳል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሽቅብ በሚወጡበት ማርሽ መውረድ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ነበር ብልሃቱ። በረሃው ላይ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው። ጎማ በጋለ መሬት ላይ ሲሮጥ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ ያረጀ ከሆነ ይፈነዳል። ለዚህ ነው ብዙዎች ሌሊት መንዳትን የመረጡት። የራዲያተሩ ውሃ ሲያልቅ የመጠጥ ውሃን ከሞተሩ ጋር መካፈል ግድ ነበር። ለራስ ስንት፣ ለሞተር ስንት? ይህን የሚወስነው ልምድ ነው። ተሳስቶ የወሰነ ለመናገር አልተመለሰም።

አዋሽ፣ ሐዲዱና ድልድዩ

በሸለቆው በላይኛው በኩል፣ አዋሽ ከተማ ላይ፣ ትዝታው የባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ 1909 ዓ.ም. ሆኗል። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ ሐዲድ ነበር። ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይጋጭ ባቡር ከአንድ ጣቢያ የሚለቀቀው ቀጣዩ ጣቢያ መስመሩ ነጻ መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። ስለዚህ የባቡር ሥራ ከሞተሩ እኩል የመልእክት ሥራ ነበር። ጣቢያ ጠባቂው በሽቦ የሚመጣውን ቃል ሳያጣምም መቀበል፣ መዝግቦ መያዝ፣ ሳያጣምም ማስተላለፍ ነበረበት። አንድ ቃል ቢስት የሰው ሕይወት ይጠፋል።

በዚህ ሐዲድ ላይ ጦርነት ደጋግሞ አልፏል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ከአዲስ አበባ ሲነሱ የሄዱት በዚህ መስመር ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲያፈገፍግ የአዋሽን የባቡር ድልድይ አፈረሰው። የእንግሊዝ ጦርም ወንዙን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ በዚህ ስፍራ መዋጋት ነበረበት። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያሉ የመስመሩ ድልድዮች በፈንጂ ተመቱ፤ ጉዞው ተቋረጠ።

የታሪክ መጻሕፍት «ድልድዩ ፈረሰ» ብለው በሁለት ቃል ያልፋሉ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ግን ሌላ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። ማን መልሶ ጠገነው? ብረቱ ከየት መጣ? መስመሩ ተቆርጦ በቆመባቸው ቀናት በመሃል የቀሩት ተሳፋሪዎች ምን በሉ? ድሬዳዋ ባለው አሮጌ የባቡር ጋራዥ ዛሬም አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ማሽኖች አሉ። የእያንዳንዱን ማሽን ጠባይ የሚያውቁ ጡረተኞችም አሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አሮጌው ሐዲድ ከአዋሽ ወደ ላይ ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ማሽኑ ዝም ሲል ስለ ማሽኑ የሚያውቀውም ዝም እንዳይል እንሰጋለን።

ዳጉ፦ ከቴሌግራፍ በፊት

ወደ አፋር ምድር እንመለስ። ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት እዚህ መልእክት የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም አለ። ዳጉ ይባላል።

ሁለት አፋሮች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተሰጣጥተው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ከየት መጣህ? በመንገድህ ማንን አየህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? ውሃው እንዴት ነው? እንግዳ ሰው ታየ ወይ? ፀብ አለ ወይ? የሰማው ሰው በተራው ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዚህ መንገድ ወሬ መኪና በማይገባበት አገር በፍጥነት ይሄዳል።

ዳጉን ከተራ ወሬ የሚለየው ጥንቃቄው ነው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ትለያለህ፤ ከማን እንደሰማህም ትናገራለህ። ሐሰት ያወራ ሰው በጎሣው ፊት ያፍራል፤ በባህሉ ሕግም ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «እዚያ ውሃ አለ» የሚል የሐሰት ወሬ ከብትንም ሰውንም ይገድላል።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አዲስ ሊሆንብን አይገባም። ሙስሊሞች የነቢዩን ﷺ ሐዲስ ስንቀበል ኢስናዱን እንጠይቃለን፤ ማን ከማን ሰማ፣ የተናገረው ታማኝ ነው ወይ፣ ሁለቱ በእርግጥ ተገናኝተዋል ወይ እንላለን። ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ሲኖር አጣርታችሁ ያዙ የሚለውም የቁርኣን ትምህርት ነው። የዳጉ ክብደት ከሐዲስ ጋር አይተካከልም፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው። ቃል አደራ ነው፤ የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርሳለህ።

የቤተሰባችን የጦርነት ትዝታ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሥርዓት አያሟላም። አያታችን አንድ ሰው ገደለ ሲባል ከጥቂት ዓመት በኋላ አሥር ይሆናል። ሸሽቶ የዳነው ሰው ተዋግቶ እንደዳነ ይነገራል። ለወራሪው በቀን ሥራ የተቀጠረው ድሃ ደግሞ ከታሪኩ ጨርሶ ይሰረዛል፤ ልጆቹ ያፍሩበታል። የአፋር የዚያ ዘመን ታሪክ ራሱ በአንድ ቀለም የሚጻፍ አይደለም። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ከጣልያን ጋር በነበራቸው ግንኙነት የተነሳ ከነጻነት በኋላ በመንግሥት ጦር ተይዘዋል፤ በ1936 ዓ.ም. ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ተተክተዋል። እሳቸውም በተራቸው በ1967 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ተጋጭተው ተሰደዱ፤ የተመለሱት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በእነዚህ ዘመናት የራሱ ሐዘንና የራሱ ዝምታ አለው።

ሙያ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሰው ስለ ጀግንነቱ ሲጠየቅ ይጨምራል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ለመጨመር ይቸገራል። ጎማው የት ፈነዳ፣ በምን ተጠገነ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ የሚለው በእጁ የሚያስታውሰው ነገር ነው። ሐሰት ከሆነም ሌላ ባለሙያ ወዲያው ያውቅበታል።

የእኛ ስህተት

ይህን የምንለው ከሌላው በልጠን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ረጅም ዘመን የአሰብ መንገድ ሹፌር ከነበሩ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ነበር። ስልካችንን ከፍተን ፊታቸው አስቀመጥን። ጥያቄያችን ሁሉ ስለ ጦርነት ነበር፤ ማን ተኮሰ፣ ስንት ሞተ፣ ፈርተው ነበር ወይ? እሳቸው በየመሃሉ ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። «የዚያን ቀን ባሌስትራው ተሰብሮብኝ...» ብለው ሲጀምሩ እኛ «እሱን ይተዉት አባ፣ ስለ ጦርነቱ ይንገሩን» እንላቸዋለን። ትሑት ሰው ነበሩ፤ ተዉት።

ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ቅጂውን መልሰን አዳመጥነው። ለጥያቄያችን የመለሱልን ማንም የሚያውቀውን ነው። የእሳቸው ብቻ የነበረው እኛ ያቋረጥነው ነበር። መኪናው የት ላይ ቆመ? የተሰበረውን ባሌስትራ በምን አሰሩት? ስንት ሌሊት እዚያ አደሩ? በዚያ በረሃ ውሃ ያመጣላቸው ማን ነው? ምናልባት ስማቸውን የማናውቃቸው የአፋር እናት ናቸው፤ ምናልባት ጦርነቱ ተቃራኒ ወገን ያደረገው ሰው ነው። አሁን የሚነግረን የለም። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም ይቅር ይበለን።

ጊዜው ለምን አጭር ሆነ

ግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ቡሬ ከጦር ግንባሮቹ አንዱ ሆነ። የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ተከፍቶ ዘመድ ከዘመድ ተላቅሶ ተገናኝቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። በ1990 ዓ.ም. አርባ ዓመት የሞላው ሹፌር ዛሬ ሰባ ሊደፍን ምንም አልቀረውም። የዚያን መንገድ እያንዳንዱን ኩርባ የሚያውቅ የመጨረሻው ትውልድ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትዝታም ገና ትኩስ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጪፍራና ካሳጊታ ደርሶ ነበር። የሚሌ መንገድ ተቆርጦ ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር ሹፌር ሁሉ ያውቃል። ያኔ ሕፃን አዝለው የሸሹ እናቶች፣ በዚያ ሰሞን ነዳጅ ይዘው የነዱ ሹፌሮች፣ ቁስለኛ ያከሙ ነርሶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። የእነሱን ትዝታ ፖለቲካ ሳያጣምመው በፊት መያዝ የእኛ ተራ ነው። የጦርነት ወሬ ሲጣመም ሌላ ጦርነት ይወልዳልና።

እንዴት እንጠይቅ?

በየቤታችሁ አንድ አሮጌ ሹፌር፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ ጨው የጫነ ግመል የነዳ አያት ወይም ሬዲዮ ጠጋኝ አጎት ካለ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ. በዕቃው ጀምሩ። አሮጌ መፍቻ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ ፎቶ ወይም ጊሌ ካለ እጃቸው ላይ አስቀምጡት። እጅ ሲይዝ ያስታውሳል።

2ኛ. «እንዴት ነበር የሚሠራው?» በሉ። ጦርነቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

3ኛ. ያዩትንና የሰሙትን ለዩ። «ይህን በዓይንዎ አይተዋል ወይስ ነግረዎት ነው? ማን ነገረዎት?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም። የዳጉ ሥርዓት ነው።

4ኛ. ቦታውን ያዙ። «በረሃ ላይ» አይበቃም። ከዲቾቶ ወደ የት በኩል? ከየትኛው ተራራ ሥር?

5ኛ. አታቋርጡ። ወደ ባሌስትራው ሲመለሱ አብራችሁ ተመለሱ።

6ኛ. የሚያሳፍር ነገር ቢነግሯችሁ አትፍረዱ፤ ሳይፈቅዱም ለሰው አታሳዩ። ቃላቸው አደራ ነው።

የቀዳችሁትን ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቅጂውን ከአንድ ቦታ በላይ አኑሩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም። ልጆቻችሁም እንዲያዳምጡት አድርጉ፤ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ታሪክ ከሰውዬው ጋር ይቀበራል።

ዲቾቶ መገንጠያ ላይ ዛሬም አንድ መኪና ወደ ጋላፊ ይታጠፋል። በሌላኛው መንገድ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ወደ ኤሊዳር በኩል የሚያይ ሽማግሌ ብታገኙ ጥድፊያችሁን ትታችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ መኪናው ምን እንደነበረ ጠይቁት።

አላህ ላለፉት ይማር፤ በሕይወት ላሉት ጤናና ዕድሜ ይስጥ፤ አገራችንንም ከጦርነት ይጠብቅ። አሚን።